ብቻውን የቆመ ቁጥር

በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም፤ «ወንፊት» ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ ያውም ለቀልድ። እየዋለ እያደረ ቀልዱ ተረሳና ስሙ ብቻ ቀረ። እሷም አልጠላችውም፤ «ከስንቱ ስም ወንፊት ይሻላል፣ ቢያንስ ሥራ አለው» ትል ነበር።

ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ግን አበሳዋን ያሳያት ነበር። የምርምር ተቋሙ ላይኞቹ ፎቆች ቤተ ሙከራዎች ናቸው፤ እዚያ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሰዎች በየብልቃጡ ላይ ብርሃን ያበራሉ። የእሷ ክፍል ያለው ምድር ቤት ነው፤ ከጣሪያው ሥር ባለችው ጠባብ መስኮት የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። እዚያ ማንም ምንም አይለካም። ሥራው ሌሎች የለኩትን መመዘን ነው። ብርሃን አንድን ቀለም ሲመታው ቀለሙ ከብርሃኑ የተወሰነውን ይውጣል፤ ከዋጠው ላይ ከፊሉን መልሶ ያበራል፣ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ምን ያህሉን እንደሚመልስ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች ይለካሉ፣ የለኩትንም በየመጽሔቱ ያወጣሉ። ጣጣው ስለ አንድ ቀለም አምስት ሰው አምስት ዓይነት ቁጥር መጻፉ ነው። ታዲያ በብርሃን በሽታ የሚመረምረው፣ ወይም ከፀሐይ ኃይል ለማውጣት የሚታገለው ሰው የቱን ይመን? የወንፊት ክፍል ጽሑፎቹን ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ እንዴት እንደተለካ መርምሮ፣ «ይህኛውን ተጠቀሙ፤ ስሕተቱም ቢበዛ ይህን ያህል ነው» የሚል ሠንጠረዥ ያወጣል።

አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ መጋረጃ ሰፊ ናት። ለደንበኞቿ ስለ ወንፊት ስታወራ «እህቴ ቁጥር አይታ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ትለያለች» እያለች ትኩራራለች። አንዲት ደንበኛ ይህን ሰምታ ወንፊትን በር ላይ ጠበቀቻትና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የሚቀጥለው ሎተሪ በየትኛው ቁጥር እንደሚወጣ ጠየቀቻት። ወንፊት እንደማታውቅ ምላ ተገዝታ ብትነግራትም ሴትየዋ አላመነቻትም፤ ተቀይማ መጋረጃዋን ሌላ ዘንድ አሰፋች።

ወንፊት ምድር ቤት የወረደችው ወዳ አልነበረም። በወጣትነቷ እሷም ላይ ፎቅ ነበረች። ተማሪዎቻቸው ሁሉ «ጋሼ» የሚሏቸው መምህሯ፣ በዚያ አገር የብርሃንን ኬሚስትሪ ያስጀመሩ ሰው፣ ከክፍሏ መርጠው ቤተ ሙከራቸው አስገቧት። እጇ የረጋ፣ ዓይኗ የነቃ ነበር፤ እሳቸውም ይኮሩባት ነበር። ብዙ ሳትቆይ ግን ፈሳሾቹ እጇን ይቆጡት ጀመር። ቆዳዋ ይላጣል፣ ጣቶቿ ይሰነጠቃሉ፣ ጓንት በጓንት ላይ ብትደርብም ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ሐኪሙ ከእጅሽና ከሥራሽ አንዱን ምረጪ አላት። የምድር ቤቱን ወንበር ዞረው የለመኑላት ጋሼ ናቸው። በጓደኞቿ ዘንድ ያ ክፍል መለካት ያቃተው ሰው የሚጦርበት ቦታ ነበርና፣ ወንፊት የመጀመሪያውን ሰሞን እንዳኮረፈች ከረመች። ኃላፊው ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። አንድ ቀን የጽሑፍ ክምር ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠና፣ ቁጥር ከሰማይ ዱብ አይልም፣ እናትና አባት አለው፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቂ ቤትሽ አታስገቢው አላት። ይህች ነገር ገባቻት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቁጥር ባየች ቁጥር ማን ለካው፣ በምን ለካው፣ ከምን ጋር አስተያየው እያለች ዘሩን መቁጠር ያዘች። ሳታስበው ሥራው ጣማት፤ ዓመታትም በላዩ አለፉ።

ነገር የመጣው የመለኪያዎቹን ሠንጠረዥ የማደስ ተራ ሲደርስ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ አናት ላይ አንድ ቀይ ቀለም አለ። ቀዩ ቀለም እንደ ሚዛን ድንጋይ ነው፤ ሌላ ቀለም የሚለካ ሰው ቀዩን ከጎኑ አስቀምጦ፣ «የእኔ ከእሱ ይበልጣል፣ ያንሳል» እያለ ቁጥሩን ያወጣል። ድንጋዩ ከተሳሳተ የተመዘነበት ሁሉ ይሳሳታል።

ለቀዩ ቀለም አሥራ ሦስት ጽሑፎች ተሰበሰቡ። አሥራ ሁለቱ ቀለሙ ከዋጠው ብርሃን ከመቶ ሰባ ያህሉን ይመልሳል ይላሉ። አንዱ ብቻ ስልሳ ነው አለ። ይህን ብቸኛ ጽሑፍ ያወጣችው ከዓመታት በፊት አንዲት ወጣት ተመራማሪ ነበረች፤ የቀድሞው ሠንጠረዥ «ከሌሎቹ ጋር አይስማማም» በምትል አንድ መስመር አልፏት ነበር። አሥራ ሁለት ለአንድ ነው፤ ማንም ሰው ዓይኑን ሳያሽ የሚፈርደው ነገር ነው።

ወንፊትን የከነከናት የአሥራ ሁለቱ መስማማት ነበር። ሰው ሲለካ መብራቱ ይደክማል፣ ፈሳሹ አቧራ ይገባበታል፣ አንዱ ትንሽ ከፍ ሌላው ትንሽ ዝቅ ይላል። እነዚህ ግን ችሎት ከመግባታቸው በፊት ተማክረው እንዳደሩ ምስክሮች ነበሩ። ስለዚህ እንደ ልማዷ ዘር መቁጠር ጀመረች። አንዱ ጽሑፍ ቁጥሩን ያገኘው ከሌላ ቀለም ጋር አስተያይቶ ነው፤ ያ ሌላ ቀለም ደግሞ ቀድሞ የተለካው ከቀዩ ጋር ነው። ሌላው በቀጥታ የቆየውን ቁጥር ተውሷል። በራሳችን ለካን ያሉትም ቢሆኑ የገዙት የብርሃን መቀበያ መሣሪያ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ነው። ያ መሣሪያ ለቀይ ብርሃን ዓይኑ ደካማ ነበር፤ ፋብሪካው ድካሙን ለማካካስ የማረሚያ ቁጥር አብሮ ይልካል፤ ሁሉም ያንኑ ማረሚያ ተጠቅመዋል። ምስክሩ አሥራ ሁለት፣ ወሬው ግን የአንድ ሰው ሆነ።

ያ አንድ ሰው ጋሼ ነበሩ። የቀዩን ቀለም ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያው መሣሪያና በዚያው ማረሚያ የለኩት እሳቸው ናቸው፤ ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ሥራ እሱ ነው።

ብቸኛዋ ተመራማሪ ደግሞ በሌላ መንገድ ነበር የሄደችው። የሚበራውን ብርሃን ጭራሽ አልለካችም። ያልበራው ሙቀት ይሆናል ብላ ሙቀቱን ለካች፣ ከዚያም ቀነሰች። መቀበያ መሣሪያም፣ ማረሚያም፣ የጋሼም ቁጥር አላስፈለጋትም። ጽሑፏ አጭርና ደረቅ ነው፤ አንዲት ትርፍ ቃል የለችበትም። ወንፊት አንብባ ስትጨርስ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና የአላፊ አግዳሚውን ጫማ እያየች ተቀመጠች።

ቤት ስትገባ እህቷ ፊቷን አይታ ምን ሆነሽ አለቻት። ወንፊት መጋረጃው በተዘረጋበት ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነገሩን ከሥሩ ነገረቻት። እህቷ የቀለሙንና የሙቀቱን ነገር አልፋ የገባትን ያዘች፦ እኚህ ሰውዬ ያኔ ባይደርሱላት ኖሮ ወንፊት ያለ ሥራ ትቀር ነበር።

«ታዲያ ልትተዪው ነው?» አለች፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ።

«አልተወውም፣ እትዬ። እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ነው የጠፋኝ።»

«ከአፍሽ ይስሙት። ታትሞ ከሰው ሲሰሙት ነው የሚያማቸው። ሂጂ፣ ተቀመጪ፣ ንገሪያቸው። ከተቆጡም ይቆጡ፤ ቁጣ ይበርዳል።»

ጋሼ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሚኖሩት ከልጃቸው ጋር ነው። ወንፊት ስትደርስ በረንዳው ላይ እግሩ የተሰበረ ወንበር ገልብጠው በሙጫ ያያይዙ ነበር። ደስ ብሏቸው ሳሟት፤ ልጃቸውም ሻይ አቀረበችላት። ስለ ጤና፣ ስለ እህቷ፣ ላይ ፎቅ ስለቀሩት ሰዎች ተጠያየቁ። ጨዋታው ሲያልቅባት ስለ ቀዩ ቀለም መምጣቷን ነገረቻቸው። ያገኘችውን ሁሉ ሳታሳጥር ሳታስረዝም ዘረዘረችላቸው። እሳቸው ወንበሩን እንደያዙ ሰሟት።

«አሥራ ሁለቱን ጥለሽ አንዷን ልትይዢ?» አሉ በመጨረሻ።

«አሥራ ሁለት አይደሉም፣ ጋሼ። ዘራቸውን ቆጥሬዋለሁ፣ አንድ ናቸው። ሁሉም ከእርስዎ ነው የተወለዱት።»

«እኔስ አልለካሁም?»

«ለክተዋል። በጊዜው ከዚያ በላይ የሚለካ አልነበረም። ማረሚያው ነው ያሳሳተዎት፤ ማረሚያውን ደግሞ ፋብሪካው ነው የሰጠዎት።»

ጋሼ ሙጫውን ከደኑ። ፊታቸው አልተቆጣም፣ ግን እንደ በር ተዘጋ። «ወንፊት የሚሉሽ ለካ ለእኔም ነው» አሉና ተነስተው ገቡ። ትንሽ ቆይታ ልጃቸው ብቅ አለች፤ አባባ ደክሟቸዋል፣ ይቅርታ አድርጊልን አለቻት። ወንፊት ሻይዋን ሳትጨርስ አመስግና ወጣች። አውቶቡስ መያዝ ስትችል መንገዱን ሁሉ በእግሯ ሄደችው።

ኃላፊውም ቢሆን ቀላል አልሆነላትም። እሱ የፈራው ሌላ ነበር። ቀዩ ቀለም ከተነካ የሠንጠረዡ ግማሽ አብሮ ይነቃነቃል፤ የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል እያለ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተንጎራደደ። ቁጥሯ ትክክል ሊሆን ይችላል፣ ግን በአንዲት ያረጀች ጽሑፍ ተማምኖ ያን ሁሉ መለወጥ ለእሱ ቤት አፍርሶ ምሰሶ እንደ መፈለግ ነበር። ወንፊትም በዚህ አልተከራከረችውም። ሁለት ቤተ ሙከራ እንደ አዲስ ይለኩልን አለች፤ ከጋሼም፣ ከፋብሪካውም፣ እርስ በርሳቸውም ምንም የማይነካካቸው። አንዱ እንደ ብቸኛዋ ሙቀቱን ይለካ። ሌላው ቀለሙን ውስጧ ነጭ በሆነ ባዶ ኳስ ውስጥ አስቀምጦ፣ አንዲት ጨረር እንኳ ሳታመልጠው የሚበራውን ይሰብስብ። ይህ ዓይነቱ መሣሪያ በጋሼ ዘመን አልነበረም። ኃላፊው ጢሙን አሻሸ፣ ከዚያም ደብዳቤዎቹን ራሱ ጻፈ።

መልሱ እስኪመጣ ዝናቡ ገብቶ ወጣ። በዚያ መሐል ወሬው ላይ ፎቅ ደረሰ። ዕድሜ ልካቸውን በቀዩ ቀለም ሲለኩ የኖሩ ሰዎች ነበሩ፤ ከነሱ አንዱ ደረጃ ላይ ሲያገኛት ሰላምታዋን ወደ ግድግዳው እያየ መመለስ ጀመረ። ወንፊት ሥራዋን ሠራች። ሰው ፊት አንገቷን አልደፋችም፤ ቤቷ ስትገባ ግን ምግብ አልወርድ አላት። ጋሼ አልደወሉም፤ እሷም አልደወለችም።

ከሁለቱ ቤተ ሙከራዎች መጀመሪያ የመጣው ስልሳ ሁለት አለ። ሁለተኛውም ስልሳ ሁለት አለ፣ በጥቂቱ ከፍ ብሎ። ኃላፊው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ፣ «እንግዲህ ገደሉ ተናደ፤ አካፋ አምጪ» አላት። ያን ሰሞን በቀዩ የተመዘኑትን ቀለሞች አንድ በአንድ እየፈለጉ ማረም ሆነ ሥራቸው።

አንድ ጠዋት ወደ ምድር ቤቱ በሚወስደው ደረጃ ላይ የከዘራ ድምፅ ተሰማ። ጋሼ ነበሩ፤ ከረባታቸውን አስረው፣ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው። ወንፊት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ሰላምታውን አጭር አድርገው ረቂቁን አምጪ አሏት። ሰጠቻቸው፤ መነጽራቸውን አደረጉና ስለ ቀዩ ቀለም የተጻፈውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡ። ኃላፊው ትንፋሹን ውጦ ኮምፒውተሩን የሚያይ መሰለ። አንብበው ሲጨርሱ እርሳስ ጠየቁ።

ወንፊት ከቁጥራቸው አጠገብ አንድ ዓረፍተ ነገር አክላ ነበር፤ በዘመኑ አቻ ያልነበረው፣ በድንቅ ጥንቃቄ የተሠራ ታላቅ ሥራ ይላል። ጋሼ እሱን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት።

«ይህ ሠንጠረዥ ነው እንጂ የሕይወት ታሪክ አይደለም» አሉ። «ታላቅ ሥራ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። እኔ ገና አለሁ።»

ወንፊት መሳቅም ማልቀስም አማራት፤ ሁለቱንም ዋጠችው። እሳቸው ግን አልጨረሱም። በሰረዙት ቦታ የመሣሪያውን ዓይነትና ማረሚያው ቀዩን ብርሃን በምን ያህል እንዳበዛው በደቃቃ ጽሑፍ አሰፈሩ። ቀጥለውም ያን መሣሪያ የገዙ ሌሎች ሰዎችን ከልባቸው እያወጡ ይነግሯት ጀመር፤ የእገሌን ሐምራዊ ቀለም እዪው፣ የእገሊትንም እንዳታልፊ እያሉ። በሰረዟት መስመር ምክንያት የተከፈተው ጨዋታ ምሳ ሰዓት አለፈ። ሲሄዱ በሩ ላይ ቆሙና፣ ያን ቀን ደክሞኝ አልነበረም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ አሏት። እሷም አውቃለሁ አለች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ቀን አልተነጋገሩም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን እየመጡ ጥግ ላይ ባለው ጠረጴዛ ይቀመጡ ጀመር። የድሮዎቹን መሣሪያዎች ጠባይ እንደ ጎረቤት ጠባይ ያውቁታል፤ የትኛው መብራት ሲሞቅ እንደሚዋዥቅ፣ የትኛው መቀበያ ክረምት ላይ እንደሚያስቸግር። የሰው ጽሑፍ ሲመዝኑም ርኅራኄ የላቸውም። ወንፊት ለአንዱ ጓደኛቸው ጽሑፍ ስትሟገት፣ እሳቸው «ይውደቅ» እያሉ ሲከራከሯት ኃላፊው እየሳቀ፣ አሁንስ ወንፊቷ ማን እንደሆነ ግራ ገባኝ ይል ነበር።

የብቸኛዋን ነገር ያነሱትም ጋሼ ናቸው። ሠንጠረዡ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ ሲል፣ ይህቺ ልጅ ከዚያ በኋላ ሌላ ምን ጻፈች ብለው ጠየቁ። ወንፊት ፈለገች፤ ምንም የለም። አንዲት ጽሑፍ፣ ከዚያ ዝምታ። ሴትየዋ ድሮ ትሠራበት ወደ ነበረው ዩኒቨርሲቲ ደውላ ስትጠያይቅ፣ ጽሑፏን ማንም ስላልተቀበለላት ለምርምሯ ድጋፍ እንዳጣች፣ ከዚያም ትታ እንደሄደች ሰማች። አሁን በሌላ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች።

ጋሼ እኔ ልደውል አሉ። ወንፊት ቁጥሩን መታችላቸውና ስልኩን ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከወዲያ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ጋሼ ማንነታቸውን ተናገሩ።

«አውቅዎታለሁ» አለች ሴትየዋ። «በእርስዎ ጽሑፍ ነው የተማርኩት። ምን ልታዘዝ?»

ጋሼ ለመናገር ተዘጋጅተው የመጡት ብዙ ነበር፤ ከወንፊት ጋር ሲለማመዱት ነው የከረሙት። አሁን ግን ሁሉም ጠፋቸው። «ቀዩ ቀለም እንደገና ተለካ» አሉ። «ሁለት ቤተ ሙከራ ለካው። የእኔ ሰባ ወድቋል።»

«ስንት ወጣ?»

«ስልሳ ሁለት።»

ከወዲያ የልጆቹ ጫጫታ ብቻ ቀረ። ወንፊት ማልቀሷ ነው ብላ እጇን ወደ ስልኩ ዘረጋች፣ ምን ልታደርግለት እንደሆነ ግን እሷም አታውቅም። ከዚያ የሴትየዋ ድምፅ መጣ፤ እንባ የለበትም፤ የሚያሰላ ሰው ድምፅ ነው።

«እኔ ስልሳ ብዬ ነበር። ሁለት ጎደለብኝ ማለት ነው። ከውጭ ወደ ብልቃጡ የገባ ሙቀት ይሆናል። ያኔም ጠርጥሬ ነበር፤ የምከድንበት አጣሁ።» ከዚያ ድምጿ ላላ አለ። «ጽሑፌን ማን አንብቦት ነው?»

ጋሼ ስልኩን ወደ ወንፊት ገፋ አደረጉት። «እኔ ነኝ» አለች ወንፊት።

«እስከ መጨረሻው?»

«እስከ መጨረሻው። ደጋግሜ።»

ከወዲያ ደወል ተደወለ፤ የልጆቹ ጫጫታ ከፍ ብሎ በሩ አካባቢ ተጋፋ። ሴትየዋ ክፍል መግባት አለብኝ አለች። ሠንጠረዡን ላኩልኝ፣ ልጆቹ እንዴት እንደሚነበብ ይዩት ብላ አድራሻዋን ነገረቻቸው፤ ወንፊት በጥድፊያ ጻፈችው። ልትዘጋ ስትል ግን ቆም አለች፤ ሁለቱ ቤተ ሙከራዎች ፈሳሹን በምን ያህል ሙቀት እንደያዙት ጠየቀች። ጋሼ ነገሯት። እህ አለች፣ አመሰገነች፣ ዘጋች።

ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር። ጋሼ የተዘጋውን ስልክ እያዩ፣ «ሁለት ጎደለብኝ ትላለች እኮ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። ወንፊት የሠንጠረዡን የመጨረሻ ረቂቅ ወደ ራሷ ሳበች። በቀዩ ቀለም መስመር ላይ፣ ከሁለቱ አዲስ ልኬቶች በፊት፣ የሴትየዋን ጽሑፍ መጀመሪያ አደረገችና ለማተሚያ ቤት ላከችው።